ቡገንቪሊያው ውሃ አልጠማውም

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ካልተወረወረ ብላ አስጨንቃናለች። እዚህ ቆርቆሮ ጣራ ከየት ይምጣ? በላስቲክ ቋጥራ ሰጥታኛለች፤ ከዕቃው ጋር ይደርስሃል፣ አንተ ወርውርላት። ትንሹ አማርኛውን ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ባለፈው እሑድ “ይሄ ቡገንቪሊያ ምን ነካው፣ አበባ ካየሁበት ሁለት ዓመቴ” ብለህ ስታማርር ስቄ አልፌ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

“ውሃ ጠምቶት ነው” ትላለህ። አልጠማውም አባዬ። ቡገንቪሊያ ሲመቸው ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የሚያብበው ትንሽ ሲቸገር ነው። የድሬ ልጅ ሆነህ እኔ ልንገርህ? ከዚራን ቀይ በቀይ የሚያደርጋት ዝናቡ ሳይሆን ደረቁ ወራት ነው። እንደኛው ያለ መሬት የያዘ አሮጌ ተክል አንዴ ጥግብ እስኪል ካጠጡት በኋላ ቅጠሉ ጠውለግ እስኪል ይተዉታል። ዩሪያውንም ተው፤ ቅጠሉን ነው የሚያወፍረው። ረዣዥሙ ቅርንጫፍ ይገረዝ፤ የሚያብበው አዲስ በሚያወጣው ላይ ነው። አንተ ግን አትግረዘው። እሾሁ አለ፣ የስኳር ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። የሰፈር ጎረምሳ ጥራ፣ ገንዘቡን እልካለሁ።

እኔም እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በባልዲ የተከልኳት አንድ አለችኝ። ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት አስገባታለሁ፣ ውጭ ብትከርም አትተርፍም። አምና በጋ ሥራ በዝቶብኝ ረሳኋት። ጠወለገች፣ ቅጠሏ ረገፈ፤ ከዚያ ሳላስበው አበባ በአበባ ሆነች።

“ፈረንሳዮች ያመጡት አበባ ነው” እያልክ ትኮራብን አልነበር? ሸሚንደፈር የሠራህ ጊዜ ሁሉ ነገር ከፓሪስ ነበር። ስሙ ብቻ ነው የፈረንሳይ። ቡገንቪል የሚባለው መርከበኛ ዓለምን ሲዞር አብሮት የነበረው የዕፅዋት አዋቂ ኮሜርሶን በፈረንጆቹ 1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አገኘውና የአለቃውን ስም ሰጠው ይባላል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ረዳቱ ደግሞ ወንድ መስላ የተሳፈረች ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። እማዬ ብትሰማ “በሉ ያገኘችው እሷ ናት” ብላ ትፈርድ ነበር።

ቀዩ አበባ አለመሆኑን ያሳየችንም እማዬ ናት። ቀዩ ቅጠል ነው፤ አበባዋ መሃሉ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ነጭ ናት። ጥር 2009 የላክልኝን ፎቶ ታስታውሳለህ? “ዘንድሮ እንዴት እንዳበበ እይው” ያልከኝን? ነጯን ለማየት ፎቶውን አሰፋሁት። ጥጉ ላይ ገመድ ነበር፣ ካስማ ላይ የታሰረ። የልብስ ማስጫ መሰለኝ። የድንኳን ገመድ መሆኑን ያወቅኩት ከአርባዋ በኋላ፣ መርዶዬን ስትነግሩኝ ነው። እማዬን ፈልጌ በደወልኩ ቁጥር “ከፊራ ገበያ ሄዳለች” ትለኝ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከፊራ። ፈተናዬን እንዳልወድቅ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። አለፍኩም። ግን እስከ ዛሬ ከፊራ የሚል ስሰማ ሆዴ ይላወሳል።

ይህን ያነሳሁት ልወቅስህ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስህም ነው።

የጎረቤቱ ፎቅ ፀሐይ ከልሎበት ይሆን ብዬም ነበር፤ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ አያብብም። እሑድ ግን ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ስደውልልህ እናንተ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ግንቡ አሁንም በፀሐይ ያበራል። እያወራን ጆጉን ይዘህ ወጣህ፣ አጠጣህ። ስለ መብራቱ መጥፋት አወራኸኝ። “ቆይማ፣ ያን ቡገንቪሊያ ውሃ ላጠጣው” ብለህ ተነሳህ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። መሬቱ አልቀበል ብሎ ጭቃ ሆኗል፤ ነጠላ ጫማህ ሲጣበቅና ሲላቀቅ ይሰማኝ ነበር።

ምንም አላልኩህም። የምሠራው ከሽማግሌዎች ጋር መሆኑን ታውቃለህ። የሰው አባት “ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” እያልኩ ስጠይቅ ነው የማነጋው። አንተን ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ታላቄን ብጠይቀው “ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው” አለኝ። ያን ጊዜም ሁላችሁም ደህና ነበራችሁ።

ውሃው ተክሉን ቢጎዳው ይጉዳው። የጨነቀኝ እንክብሉ ነው። ግሊቤንክላማይዱን ደግመህ ብትውጠው ስኳርህ ይወርዳል፤ ላብ በላብ ሆነህ ግቢ ውስጥ ብትወድቅ ማን ያይሃል? የሳምንቱ ቀን የተጻፈበት የመድኃኒት ሳጥን ልኬልሃለሁ፤ ልጅቷ እሑድ እሑድ ትሙላው። የዛሬው ክፍት ባዶ ከሆነ ወስደሃል ማለት ነው፣ አበቃ። ሐኪም ቤትም ታላቄ ይውሰድህ፤ የምትረሳውን ነገር ሳትደብቅ ንገራቸው።

መዝገብም አለበት። ሸሚንደፈር ሳለህ ዘይት የጨመርክበትን ሰዓት ሳትጽፍ ከጋራዥ አትወጣም ነበር። አሁንም እንደዚያው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ውሃ ወይም እንክብል። ቀኑን ከልጅቷ ሳትጠይቅ አንተው ጻፈው። ስደውል በካሜራ ታሳየኛለህ። ብትሳሳት አልቆጣም፤ ብትደብቀኝ ግን እቆጣለሁ።

ጆጉን ለልጅቷ ስጣት።

ጥርሱን ስትወረውር ትቅረጽህ፣ ትልቋ ካላየች አትተኛም። ከመሬት ሆነህ ነው የምትወረውረው፤ መሰላል ላይ እንዳትወጣ።

ልጅህ