ሠርተን እንድንማር ይፈቀድልን፦ ለዩናይትድ ኪንግደም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩናይትድ ኪንግደም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለንደን

ጉዳዩ፦ የግራጁዌት ቪዛ ያለን ተመራቂዎች ከሥራችን ጎን ለጎን በትርፍ ጊዜ እንድንማር እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ በግራጁዌት ቪዛ፣ ማለትም ተመራቂ ለተወሰነ ጊዜ በአገሩ ቆይቶ እንዲሠራ በሚሰጠው ፈቃድ፣ ተቀጥሬ የምሠራ የውጭ አገር ዜጋ ነኝ። አቤቱታዬን በግል ከማቅረብ ይልቅ በግልጽ መጻፍን የመረጥሁት፣ የምጠይቀው ነገር በተመሳሳይ ሁኔታ የሚኖሩ የብዙ ተመራቂዎችም ጥያቄ በመሆኑ ነው።

ቪዛው የሰጠንን ዕድል አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቶ የነበረው ከምረቃ በኋላ የመሥራት ፈቃድ በጁላይ 2021 በአዲስ መልክ ሲከፈት፣ ተመራቂው ስፖንሰር የሚሆነው አሠሪ ሳይፈልግና ለቪዛው ሲባል የደመወዝ ወለል ሳይጠየቅ፣ ከሙያ ስፖርተኝነት በስተቀር ባገኘው ሥራ ሁሉ ተቀጥሮም ሆነ በግሉ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። ተማሪ ሳለ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። በሥራ በኩል ደንቡ አምኖናል፤ ያላመነን በትምህርት በኩል ነው።

በዚህ ቪዛ ላይ ያለ ሰው፣ የተማሪ ቪዛ ስፖንሰር በሆነ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎችን እንዲቀበል መሥሪያ ቤታችሁ ፈቃድ በሰጠው ተቋም ውስጥ፣ የተማሪ ቪዛ ሊያስገኝ የሚችል ኮርስ መማር አይፈቀድለትም። ክልከላው በትርፍ ጊዜ የሚሰጠውን የማስተርስ ትምህርት ጭምር ይይዛል። በአንድ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ የሚሠራ የባዮሎጂ ተመራቂ፣ በየዕለቱ በሥራው ላይ የሚያስተውለውን የዕውቀት ክፍተት ለመሙላት በሳምንት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመማር ቢፈልግ፣ አሠሪው ቢፈቅድለትና ክፍያውን ልሸፍንልህ ቢለው እንኳ አይችልም።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ ተማሪ ቪዛ ይመለስ የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በተማሪ ቪዛ በትርፍ ጊዜ የሚማር ሰው ጨርሶ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፤ የሙሉ ጊዜ የዲግሪ ተማሪ ቢሆንም በትምህርት ወቅት ወደ 20 ሰዓቱ ገደብ ይመለሳል፤ ስለዚህ የያዘውን ሥራ መልቀቁ አይቀርም። ከዚህም የሚከፋው፣ የግራጁዌት ቪዛ ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ቢወጣ እንኳ ዳግም ማመልከት አለመቻሉ ነው። የተሻለ ለመማር በመወሰኑ የቀረውን የሥራ ጊዜ ለዘለቄታው ያጣል ማለት ነው።

አንድ ነገር በተለይ እንድታጤኑልኝ እለምናለሁ። ክልከላው የሚመለከተው ስፖንሰር የሆኑትን ተቋማት ነው፤ መሥሪያ ቤታችሁ መርምሮ ፈቃድ ያልሰጠው ተቋም ውስጥ መማርን ደንቡ አይከለክልም። ስለዚህ እናንተው ራሳችሁ ከመረመራችኋቸውና ከምትቆጣጠሯቸው ዩኒቨርሲቲዎች እየተመለስን፣ ቁጥጥራችሁ ወደማይደርስባቸው እንድንሄድ ይገፋናል። ይህ የማንንም ጥቅም ሲያስጠብቅ አይታየኝም።

ሸክሙ ደግሞ በየጊዜው እየከበደ ነው። ከጁላይ 2025 ወዲህ ወደ ስኪልድ ወርከር ቪዛ (በአሠሪ ስፖንሰርነት ለሠለጠነ ሠራተኛ ወደሚሰጠው ቪዛ) ለመሻገር ሥራው በዲግሪ ደረጃ ያለ እንዲሆን የሚጠየቅ ሲሆን፣ አጠቃላዩ የደመወዝ ወለልም በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ለጀማሪዎች ዝቅ ያለ የደመወዝ መጠን ቢኖርም፣ በዚህ መጠን መጠቀም የሚቻለው ቢበዛ ለአራት ዓመት ነው፤ በግራጁዌት ቪዛ ያሳለፍነው ጊዜም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚቀርቡ ማመልከቻዎች ደግሞ፣ የፒኤችዲ ተመራቂዎች የሦስት ዓመት የግራጁዌት ቪዛ ሳይነካ፣ የሌሎች ተመራቂዎች የሁለት ዓመት ቪዛ ወደ 18 ወር ይወርዳል። መስፈርቱ ከፍ ሲል ጊዜው ካጠረ፣ መጀመሪያ ሠርቶ ኋላ መማር የሚባል አማራጭ አይኖርም፤ የሚቀረው ሁለቱን አብሮ መያዝ ብቻ ነው፤ ደንቡ የዘጋውም ይህንኑ ነው።

ትምህርት በእንግሊዝ የመቆያ ሰበብ እንዳይሆን መስጋታችሁ ይገባኛል። መንግሥትን በፍልሰት ጉዳይ የሚያማክረው ገለልተኛው የፍልሰት አማካሪ ኮሚቴ በሜይ 2024 ባወጣው ግምገማ ግን የግራጁዌት ቪዛ ባለበት እንዲቀጥል መክሯል፤ የተስፋፋ አላግባብ አጠቃቀም መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃም አላገኘም። እኔ የምጠይቀው ፈቃድ ቪዛውን በአንድ ቀን እንኳ የሚያራዝም አይደለም። ማብቂያ ቀኑ በነበረበት ይጸናል፤ ቤተሰብ የማምጣት አዲስ መብትም አይፈጥርም። የመንግሥት ድጎማ አንቀበልም፤ የጤና ክፍያውን በዓመት 1,035 ፓውንድ አስቀድመን እንከፍላለን፤ ለዩኒቨርሲቲውም የምንከፍለው የውጭ ተማሪ የሚከፍለውን ነው።

ስለዚህ በግራጁዌት ቪዛ የትምህርት ገደብ ላይ አንድ ማሻሻያ እንዲደረግ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ የቪዛው ባለቤት፣ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ፣ ስፖንሰር በሆነ ተቋም በትርፍ ጊዜ የሚሰጥ ማንኛውንም ኮርስ ሥራውን ሳይለቅ መማር እንዲችል። ይህ እስኪሆን ድረስም፣ አንድ ተመራቂ ምን መማር እንደሚችል ለማወቅ የሌላ ቪዛ መስፈርቶችን መመርመር እንዳይኖርበት፣ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ለይቶ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ መመሪያ እንዲወጣ፣ ለዩኒቨርሲቲ የቅበላ ክፍሎችም እንዲሠራጭ እጠይቃለሁ። ውሳኔያችሁን ከ18 ወሩ ለውጥ በፊት ብታሳውቁን፣ በዚያን ጊዜ የሚያመለክቱት ተመራቂዎች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን አስቀድመው ማቀድ ይችላሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በግራጁዌት ቪዛ የሚሠራ ተመራቂ