ልጆቻችሁ ፖስተር ለጣፊ አልሆኑም

ሚያዝያ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ የሠዓሊያን ክፍት ቀን ዝግጅትን ይመለከታል

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የውሃ ታንከሩ ተጠግኗል፤ ልጆች ከእንግዲህ ውሃ ከቤት መያዝ አይጠበቅባቸውም። አርብ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ትምህርት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፈው ሳምንት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ተለጥፎ ነበር። «ልጄን ያስገባሁት እንዲማር እንጂ ፖስተር እንዲለጥፍ አይደለም» ይላል። 43 ወላጆች ላይክ አድርገውታል። በማግስቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የ7 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። እስከ መጨረሻው አዳምጬዋለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ።

ቅሬታ ማቅረብ መብታችሁ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ «ትምህርት ቤቱ የልጆቻችንን ጉልበት ይበዘብዛል» ወደሚል ድምዳሜ መደረሱ፣ በትህትና ልናገርና፣ ከንክኖኛል።

ዝግጅቱ ይህ ነው። ቅዳሜ ግንቦት 15 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት 9 ሠዓሊያን ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል እንሰጣለን፤ ክፍሉ ለዚያ ቀን ስቱዲዮ ይሆናል። ሸራ ይወጥራሉ፣ ቀለም ይደባልቃሉ። ሰው ቆሞ ያያል፣ የገረመውን ይጠይቃል። የወደደ ይገዛል። ትምህርት ቤቱ ከሽያጩ አንድ ብር አይወስድም። መግቢያው በነፃ ነው።

«ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ነገር ነው?» የምትሉ አትጠፉም። በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ ሠዓሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የገዛ ቤታቸውን ከፍተው እንግዳ ይቀበላሉ። እኛም አገር ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋ የተባለውን መኖሪያና ስቱዲዮአቸውን ለጎብኚ ይከፍቱ ነበር። የኛ ሠዓሊያን ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዳ ቢጠሩ መቀመጫ የላቸውም። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን የሚውል ግቢ አለን።

የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሻ ዝግጅቱን ማሰናዳትና ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። ሥራው የሚሠራው አርብ ከሰዓት በኋላ ባሉት የመጨረሻ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ነው። አንደኛው የክወናና እይታ ጥበብ፣ ሁለተኛው የክበብ ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለቱም ከፕሮግራሙ ላይ ያሉ ናቸው፤ እኔ አልፈጠርኳቸውም። እስካሁን 5 አርብ ሠርተዋል፣ 3 ይቀራቸዋል። በአንድ አርብ 80 ደቂቃ ነው። ተደምሮ 640 ደቂቃ ይሆናል፤ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አልተነካም። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን አንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተበልቷል። መሰላል ያዋሰን ጎረቤት ቶሎ መልሱልኝ ስላለን ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ማካካሻ ተሰጥቷል።

ሁለተኛ፣ «ሚኒስትሪ ደርሶ እያለ!» ለምትሉ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ሥራ ውስጥ የሉም። ይህን በመጋቢት ጽፌአለሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። ግሩፑ ላይም ለጥፌዋለሁ። አሁንም ልድገመው፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሉበትም። ፈተናቸውን እያጠኑ ነው። ግንቦት 15 ከፈለጉ እንደማንኛውም እንግዳ መጥተው ያያሉ፣ ካልፈለጉ ቤታቸው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ «ለምን ለባለሙያ አይሰጥም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠይቀንም ነበር። ለባነር፣ ለፖስተርና ለስርጭት የተነገረን ዋጋ 38,000 ብር ነው። ይህ ብር ከየት እንዲመጣ እንደምትፈልጉ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ባለፈው መስከረም በክፍያ ጭማሪው ላይ የተባለውን እኔ አልረሳሁም፣ እናንተም አትረሱትም። ልጆቹ ፖስተሩን ራሳቸው ነድፈው፣ አሳትመው፣ ፕላስተሩን ጨምሮ እስካሁን ያወጣነው 7,400 ብር ነው። ከክበቡ በጀት ነው፤ ከማንም ወላጅ ተጨማሪ ሳንቲም አልተጠየቀም።

ግን ብር ቢኖረንም ለባለሙያ አልሰጥም ነበር። ምክንያቱን ለመናገር ስለ አምናው ማውራት ሊኖርብኝ ነው። ደስ እያለኝ አይደለም።

አምናም ይህንኑ ዝግጅት አድርገናል። አብዛኞቻችሁ አልሰማችሁም፤ ያልሰማችሁትም በእናንተ ጥፋት አይደለም። ፖስተሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። በአማርኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ለውጭ አገር ሰዎችም ይሁን ብዬ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ቁጥሩን እንዳለ 3 ብዬ ገለበጥኩት። በአካባቢያችን የሚኖሩ ጥቂት የውጭ ዜጎች ፖስተሩን አይተው፣ አበባ ይዘው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጡ። ያኔ ሠዓሊያኑ ሸራቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። እኛ ወለል እየጠረግን ነበር። ቦታውን ደግሞ «በትምህርት ቤታችን ግቢ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቀኑን ሙሉ የመጣው ሰው 11 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ መምህራኖቻችን ናቸው። ሠዓሊያኑ ጠዋቱን ቡና ሲጠጡ ዋሉ፣ ጨዋ ስለሆኑም ምንም አላሉኝም።

ዘንድሮ ያንን ፖስተር ለ7ኛ ክፍሎች ሰጠኋቸውና «ምን ጎደለው?» አልኳቸው። አንዷ ተማሪ ብዙም ሳትቆይ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግቢው የት እንደሆነ የምናውቀው እኮ እኛ ብቻ ነን» አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

አዲሱ ፖስተር ላይ «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው በር» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛው በትክክለኛው ሰዓት ተቀምጧል። ቀኑን ሲመርጡም ካሌንደር ዘርግተው ተከራከሩ። እሁድ አይሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከግንቦት 15 ቀጥሎ ያለው ሳምንት አይሆንም፣ አረፋ በዚያ ሰሞን ነው። ሰኔ ከገባ ዝናብ ነው፣ ሸራና ዝናብ ደግሞ አይስማሙም። ቅዳሜ ሠርግ ይበዛል፤ ስለዚህ ሠርገኛ ጠዋት አይቶን እንዲሄድ በጊዜ እንክፈት አሉ። እኔ አምና ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ባዶ ቀን አየሁና ያዝኩት።

አሁን ስለ መለጠፉ። «ልጆቹ መንገድ ለመንገድ ይንከራተታሉ» ተብሏል። ልጆቹ የወጡት ሁለት ጊዜ ነው። በስድስት በስድስት ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ቡድን ከአንድ መምህር ጋር፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ታክሲ ማዞሪያው ድረስ ብቻ። በመብራት ምሰሶና በሰው አጥር ላይ የተለጠፈ አንድም ወረቀት የለም፤ ሳይጠይቁ መለጠፍ አይፈቀድላቸውም። የገቡት ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤትና ጁስ ቤት ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ራስን ማስተዋወቅ፣ ከዚያ መጠየቅ። 40 ቤት ጠይቀው 31ዱ እሺ ብለዋል። 9ኙ እምቢ ብለዋል። እምቢ ሲባሉ አመስግነው እንዲወጡ ተነግሯቸው ነበር፣ አመስግነው ወጥተዋል። በክፍል ውስጥ ስሙን ሲጠየቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ አለ። የፋርማሲዋ ባለቤት «ሥዕል አይቼ ምን ይጠቅመኛል?» ብትለው «ቡናም አለ» ብሎ መለሰላት። ፖስተሩን የለጠፈችው በሩ መስታወት ላይ ነው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ይህ ትምህርት አይደለም የሚለኝ ወላጅ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው። ቀጠሮ አያስፈልግም።

መለጠፉ ደግሞ ከሥራው ትንሹ ነው። ባለፈው አርብ ክፍላቸው ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወለሉ በጠመኔ ተሞልቷል። ጥበቃውን ጠርቼ ልቆጣ ስል አንዱ አስቆመኝ። ፀሐይ ከመስኮት ገብታ 3 ሰዓት ላይ የት እንደምታርፍ፣ 5 ሰዓት ላይ የት፣ 7 ሰዓት ላይ የት እንደሆነ በየእረፍቱ እየመጡ ምልክት አድርገዋል። የዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ፀሐይ ካረፈች ያብለጨልጫል፣ ሰው አይታየውም። ስለዚህ በየትኛው ግድግዳ ላይ የማን ሥራ እንደሚሰቀል የወሰኑት ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ክር ወጥረዋል፣ በውሃ ልክ አስተካክለዋል። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ላይ እንዲሆን ከሠዓሊያኑ አንዱ ነግሯቸው ነበር። እነሱ ግን «አንደኛ ክፍሎችስ እንዴት ያያሉ?» ብለው ትንንሾቹን ሥዕሎች አንድ ሜትር ከአሥር ላይ አወረዷቸው። ሠዓሊው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ።

ከየሥዕሉ ጎን የሚለጠፈውንም ጽሑፍ የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው። ርዕስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ዓመቱ፣ መጠኑ። እኔ አንዱን ላግዝ ብዬ «80 በ60» ብዬ ጻፍኩ። «ቲቸር፣ ቁመቱ ነው የሚቀድመው» ተባልኩ። ቀደድኩትና እንደገና ጻፍኩ።

አራተኛና የመጨረሻው «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የሚለው ነው። ይህን ማንም በቀጥታ አልጻፈልኝም። ግን 7 ደቂቃው የድምፅ መልእክት ውስጥ በተዘዋዋሪ አለ፤ 5ኛው ደቂቃ ላይ። ሎሬት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ምህንድስናው ቀረ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት የማን ሥራ እንደሆነ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል። ይህን ያነሳሁት ግን ልጃችሁ ሠዓሊ ይሁን ለማለት አይደለም። እባካችሁ ይህኛው ዓረፍተ ነገር ግሩፑ ላይ ተቆርጦ እንዳይለጠፍ። ከ62ቱ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች «ሠዓሊ መሆን እፈልጋለሁ» ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ባለፈው ሳምንት ሐሳቡን ቀይሮ ፓይለት ብሏል።

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላም ልጃችሁ እንዲሳተፍ ካልፈለጋችሁ አናስገድድም። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ቅጽ ላይ ምልክት አድርጉና እስከ ሚያዝያ 29 መልሱልን። ልጁ በቀሩት ሦስት አርቦች በእነዚያ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያነባል፤ የሚቆጣጠር መምህር ተመድቧል። ይህ ምርጫ ከመጋቢት ጀምሮ ነበረ። እስከ ዛሬ የተጠቀመበት ወላጅ የለም። ላይክ ያደረጉት 43 ናቸው።

ለዝግጅቱ የሚጎድለን ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ጀበናና በቂ ሲኒ። ማዋስ የምትችሉ ለጥበቃው ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ጀበናው ላይ ስም መለጠፍ አይርሳ፣ አምና አንድ ጀበና ባለቤቱን እስካሁን አላገኘም። መኪና ይዛችሁ የምትመጡ ዳቦ ቤቱ ፊት አታቁሙ፣ ባለቤቱ ፖስተራችንን በመስኮቱ ሙሉ ስለሰቀለልን እንዳናስቀይመው።

ዘመድ ጎረቤት ይዛችሁ ኑ። መንገዱ ጠፋኝ የሚል ካለ ፖስተሩን አሳዩት፤ ዘንድሮ ቦታው ተጽፏል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር