ኮዱ አሁንም አንተ ጋ ነው?

ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? በጣም ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ ሰበብ አልደረድርም። ቤተሰብ ደህና ነው፣ ሥራም አለ፤ ሌላው ስንገናኝ ይወራል። አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለና እሱን ልንገርህ።

ካሴቷን አገኘኋት። የኛን የዜልዳ ጌም ካሴት፣ ኦራክል ኦፍ ኤጅስን! ልጄ ዕቃ ስትበረብር ከነጌም ቦይዋ፣ ከዚያች የእጅ መጫወቻችን ጋር፣ ከካርቶን ሥር አወጣቻት። ድንጋይ ባትሪ ገዝቼ ከተትኩና አበራኋት። ሴቭ ያደረግነው፣ ጨዋታውን ያቆምንበት፣ አለ። ከስማችን ሁለት ሁለት ፊደል ወስደን ያዳቀልነው ስም፣ ልክ እንደተውነው ቁጭ ብሏል። ልጄ "ይሄ ማን ነው?" አለችኝ። "እኔና አጎትሽ ነን" አልኳት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዝም አልኩ።

ጀግናችን ሊንክ የግዙፉ አሳ የጃቡ-ጃቡ ሆድ መግቢያ ላይ ቆሟል። ሰባተኛው ዋሻ! ያ ውሃ ስንሞላና ስናጎድል ያበድንበት። የአሳ ልብሱን ለብሰን ስንዋኝ ቁልፉን ይዞ መቆየት አይሠራም ነበር፣ ለአንድ ርምጃ አንዴ መጫን ነው። አውራ ጣትህ ተልጦ በፕላስተር ጠቅልለህ የተጫወትከው ትዝ አለኝ። አሁን ብትክድ ምስክር ነኝ።

እንግዲህ ጭንቀቴ ይሄ ነው። ካሴቷ ሆድ ውስጥ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ሴቭ ያደረግነውን ሁሉ የያዘችው እሷ ናት። ጌሟ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ አስበው፣ ከ20 ዓመት በላይ ሳትተኛ ጠብቃልናለች። የሞተች ቀን ግን ሁሉም ነገር አብሯት ይሄዳል። ይቀየርልኝ ብልም ብየዳ ነው፣ አሮጌዋ ስትነሳ ሴቩ ይጠፋል። ካሴቱን አንብቦ ሴቩን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ መሣሪያ እንዳለ ደርሼበታለሁ፣ ላስገለብጠው ነው። እስከዚያው ግን በየማለዳው እየከፈትኩ ስማችን መኖሩን አያለሁ። ካየሁ በኋላ ነው ቀኔን የምጀምረው።

ለዚህ ነው አንተን የፈለግሁህ። የኤጅስን መንትያ ጌም፣ ሲዝንስን፣ ጨርሰን ያገኘነው ኮድ ያንተ ደብተር ላይ ነው። ያ ባለ 20 ምልክቱ፣ አናባቢ የሌለበት፣ ፊደልና ቁጥር ከልብና ከሦስት ማዕዘን ጋር የተቀላቀለበት። ኤጅስን የጀመርነው በእሱ ነው፤ ያለ እሱ ጠንቋይዋን ቬራንን ብንጥላትም ታሪኩ እዚያው ያልቃል፣ የመጨረሻዎቹ ጠላቶች ቱዊንሮቫና ጋነን አይመጡም። የሲዝንስ ካሴት ደግሞ… አንተ ነህ አውሰህ ያስቀረሃት፣ አልነካካህም። እና ሴቩ እንኳን ቢጠፋ ኮዱ ካለ እንደ አዲስ መጀመር እንችላለን። ሁለቱም ጌሞች ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ የኔንቴንዶ አዲሱ መጫወቻ ስዊች ላይ በኦንላይን አባልነት ይገኛሉ፣ እዚያም ኮዱን ማስገባት ይቻላል።

ታዲያ እዚያው ተጫወታ ትለኝ ይሆናል። እዚያ ያለው የኛ አይደለማ።

ጌሟ ውስጥ ልጄን ቶካዮቹ ደሴት ወሰድኳት። ታንኳችን ተሰብራ ወድቀን ሳለ ዕቃችንን ሙልጭ አድርገው የዘረፉን እነዚያ እንሽላሊቶች አሉ አይደል? አንተ እስከ መጨረሻው ቂም ይዘህባቸው ነበር። በጥንቱ ዘመን የተከልናት ችግኝ በአሁኑ ዘመን ዛፍ ሆና ቆማለች። አሳየኋት። ዘመን የሚያሻግረንን በገና መታሁና ወደ ጥንቱ ተመለስን፣ ገና ችግኝ ናት። እንደገና መታሁ፣ ዛፍ። "ማን ተከላት?" አለች። "አጎትሽ" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ጌም ቦይዋ አንተ እጅ ላይ ነበረች።

የጌሟን ንግሥት አምቢንም አስታወስኳት። በባሕር ሄዶ ለቀረው ሰውዬ መመለሻ ምልክት እንዲሆነው ግንብ ታሠራለች። ቬራን ደግሞ ያንን ናፍቆቷን ይዛ ተጫወተችባት፣ ፀሐይ እንዳትጠልቅ አደረገችና ሕዝቡ ያለ ዕረፍት ድንጋይ ያመላልሳል። ልጅ ሳለን ጅል ናት ብለን ስቀንባት ነበር። አሁን አልሳቅሁም።

እ… አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጃቡ-ጃቡ ውስጥ የውሃውን ልክ በየክፍሉ ደብተርህ ላይ ጽፈህ፣ በማግስቱ ምንም አልገጥም ብሎህ ስትበሳጭ ትዝ ይልሃል? "ማን ነካው?" ብለህ ጠየቅኸኝ። አላውቅም አልኩህ። እኔ ነበርኩ። ማታ ተኝተህ ብቻዬን ገብቼ ውሃውን ቀየርኩት፣ መመለስ አቃተኝ፣ ሴቭ ብዬ ዘጋሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትለፋ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ትንሽ ነገር ናት ትል ይሆናል። እኔን ግን ስትቆጠቁጠኝ ኖራለች።

ስለዚህ አሁን አልነካሁትም። ደጃፉ ድረስ ሄጃለሁ፣ አልገባሁም። አብረን ነው የምንገባው፣ ውሃውንም አንተ ትለውጠዋለህ።

በል ደብተሩን ፈልግልኝ። ከሒሳብ ደብተርህ በስተጀርባ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ ነው የጻፍከው። ካገኘኸው ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ግን መብራት አብራበት። ኮዱ ላይ ትልቋ ቢ (B) እና ትንሿ ቢ (b) አንድ አይደሉም፣ ያንተ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አይለዩም። ካጣኸውም ጻፍልኝ።

ያንተው