ማሽላው ሰኔ 30ን አያውቅም፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የገንዘብ ሚኒስትር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለግብርና ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምርምር በጀት ከሰብሉ ወቅት ጋር እንዲሄድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ቀን ነው፤ ስለ ሰኔ 30።

ለመሥሪያ ቤትዎ ይህ ቀን የሂሳብ መዝጊያ ነው። ለሐረርጌ ማሽላ ግን የወቅቱ እኩሌታ እንኳ አይደለም። ሚያዝያ ላይ የተዘራው ማሽላ በዚያ ሰሞን አረምና ኩትኳቶ ይፈልጋል። ነሐሴና መስከረም ላይ ያብባል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ስለዚህ አንድ የምርምር ሰብል በሁለት የበጀት ዓመት መካከል ተንጠልጥሎ ያድጋል። መሀል ላይ ሂሳቡ ይዘጋል፣ ያልተወጣው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። አዲሱ እስኪለቀቅ፣ የግዥ ዕቅዱ እስኪጸድቅ፣ ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) እስኪሰበሰብ ሳምንታት ይነጉዳሉ። ሰብሉ በበኩሉ ማደጉን አያቆምም።

ጉዳዩ ከወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ማሳ ውስጥ ግን እንዲህ ነው።

ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሆኖም ነፋስ የጎረቤቱን የአበባ ዱቄት ያመጣበታል። ዝርያው ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ተመራማሪው ዘለላው ብቅ ሲል፣ አንድም አበባ ሳይፈነዳ፣ በወረቀት ከረጢት ይሸፍነዋል። አፉን አጥፎ ያስራል። ከረጢቱ ላይ የመደቡን ቁጥርና ቀኑን ይጽፋል። አበባው ከዘለላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ በሳምንት ገደማ ይጨርሳል። ያቺ ሳምንት ካለፈች አለፈች። ከረጢቱ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ማንንም አያከስርም። ግን ግዥው ጥቅምት ላይ ካለቀ ምን ይሠራል? ዘሩ ተደባልቋል፣ የዚያ ዓመት ሥራም አብሮ ሄዷል።

ከዚያ ደግሞ ወፍ አለ። ማሽላ ያመረተ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬው ወተት ሲይዝ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማሳ በረዳትነት ስሠራ የወፍ ጠባቂዎቹ ክፍያ “ገና አልጸደቀም” እየተባለ ተጓተተ። ሰዎቹ መጀመሪያ ታገሡ፣ ከእኛም ተበደሩ። በኋላ ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም፤ ቤታቸው ልጆች አሉ። ብዙም ሳይቆይ ወፉ ማሳውን አራገፈው። መመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ሙከራ ላይ ይሠራ የነበረ ተማሪ ዓመቱን ደገመ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አለመጥፋቱ ነው። ገንዘቡ ነበር፤ የደረሰው ግን ከወፉ በኋላ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ በዚህ መሀል የሚጠፋው ምን እንደሆነ ለማየት የኋላውን ማየት ይበቃል። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ ሲጀመር ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ጅማ ላይ ተከፈተ፤ በ1956 ወደ አለማያ፣ ወደ ዛሬው ሐረማያ፣ ተዛወረ። ሀሳቡ ግልጽ ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ተቋም ሥር ይሁኑ። ደብረ ዘይት ያለው የምርምር ጣቢያም የተጀመረው በዚሁ ኮሌጅ ሥር ነው። ኋላ ግን የኤክስቴንሽኑ፣ ማለትም ለገበሬው የማድረሱ፣ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ዩኒቨርሲቲው ምርምሩን ባይተውም በዋናነት አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ዛሬ አላነሳም።

ከዚያ ጅምር የወጣውን ግን ማንሳት አለብኝ። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። አበባዋ እጅግ ጥቃቅን ናት፣ የምትከፈተውም በማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። ዶ/ር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ጊዜ ደርሰውበት ማዳቀል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የዚህ ዘዴ ፍሬ ነው፤ ከአንዱ ወላጅ ምርታማነትን፣ ከሌላው የማኛን ነጭነት የወሰደ። በመሀሉ ስንት ዓመት እንዳለፈ ያስሉት። እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ በጀት ዓመት ተጀምሮ በዚያው አያልቅም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም እ.ኤ.አ. በ1973 ከአለማያ ኮሌጅ የተመረቁ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። አቀንጭራ የማሽላ ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ተከትላ የምትበቅል ጥገኛ አረም ናት። አንዲቷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ችግሩ የሐረርጌም የወሎም ገበሬ ችግር ነው፤ ሥራው ግን ያለቀው አሜሪካ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኩራታችን እንዳለ ሆኖ ይህ ሊቆጨን ይገባል።

አሜሪካኖቹ የእርሻ ኮሌጆቻቸውን ከከፈቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1887 አንድ ሕግ አወጡ። በየክፍለ ግዛቱ ላለው የኮሌጅ የሙከራ ጣቢያ በየዓመቱ 15,000 ዶላር የሚሰጥ ሕግ ነው። እኔ እንደሚገባኝ እኛ የኮሌጁን ሀሳብ ወሰድን፤ ለጣቢያው ዓመት ከዓመት የማይቋረጠውን ገንዘብ ግን አብረን አልወሰድንም።

የምጠይቅዎ ተጨማሪ ቢሊዮን አይደለም። ለማሳ ምርምር የተመደበ ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ እንዳይሆንና ሰብሉ ታጭዶ እስኪወቃ፣ ማለትም እስከ ጥር፣ ሥራ ላይ እንዲቆይ ይፈቀድ። ለየምርምር ጣቢያው ደግሞ የቀን ሠራተኛ የሚከፈልበትና እንደ ከረጢት ያለ ጥቃቅን ዕቃ የሚገዛበት ፒቲ ካሽ (በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ጥሬ ገንዘብ) ይኑር፤ ጣቢያው ራሱ የሚያወጣው፣ ራሱም የሚያወራርደው። ገንዘብ ተከፍቶ ሲቆይ ለብክነት ይጋለጣል የሚለው ስጋት ይገባኛል። መልሱ ግን ቀላል ነው። ሂሳቡ ሰኔ 30 ሳይሆን ጥር ላይ ይዘጋ፣ ኦዲተርም በዚያው ሰሞን ይምጣ። እንዲያውም ያኔ ከደረሰኙ ጋር ምርቱንም አብሮ መመርመር ይችላል።

የዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝነት አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ጸድቋል። ሐረማያም ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎ ተለይቷል። ስያሜው ጥሩ ነው። ነገር ግን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ወፍ ጠባቂ በወቅቱ መክፈል ካልቻለ ስያሜው ለገበሬው ምንም አይጨምርለትም።

መመሪያውን ለማሻሻል ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ቢያንስ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ሰብል ይሞከር። ሙከራው ከሚያዝያው የዘር ወቅት በፊት ቢወሰን ማሽላው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቀድሞ የምርምር ማሳ ረዳት