ሒሳቡን ከሠራችሁ አይቀር ሙሉውን ሥሩት

ለአዘጋጁ፣

ስለ ውፍረት ኪሳራ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ተናድጄ አንዴ ደግሞ ቁጥሩን ለማየት። "በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን ሰው ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት" ትላላችሁ። የለበትም! የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው 2.5 ቢሊዮን እኮ ቢኤምአዩ (ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣው ቁጥር) 25 እና ከዛ በላይ የሆነው አዋቂ ሁሉ ነው፣ ትንሽ ቦርጭ ያወጣውም እዛው ውስጥ አለ። ከ30 ጀምሮ ያለነው፣ እነ እኔ ማለት ነው፣ 890 ሚሊዮን ገደማ ነን። ሁለቱን ደባልቃችሁ ወጪውን በሙሉ እኛ ላይ ጫናችሁት፣ ግድ የለም መሸከም ለምደናል።

ስኳሩ፣ ልቡ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጡ እውነት ነው፣ አልክድም። "ከሥራ በመቅረት ኢኮኖሚውን ይጎዳሉ" የምትሏት ነገር ናት ያንገበገበችኝ። ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ነርሷ ግፊት ልትለካኝ ክንዴ ላይ የምትጠመጥመው ጨርቅ አልደርስ አላት፣ ጎትታ ጎትታ በግድ አያያዘችውና መነፋት ሲጀምር ጠርርር ብሎ ተከፈተ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደምንም ተለክቶ "በጣም ከፍ ብሏል" ተባልኩ፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ እሱን እየዋጥኩ ብድግ ባልኩ ቁጥር እያዞረኝ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። ሌላ ቦታ ሰፋ ባለው ስለካ ደህና ነኝ! የጠበበ ጨርቅ ግፊትን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ነርስ ሁሉ የሚማረው ነገር ነው። ታዲያ ያ ሁለት ሳምንት በናንተ ሒሳብ በማን ስም ተመዘገበ፣ በጨርቁ ነው በኔ? ጉልበቴንማ ማንም አላየውም፣ "ቀንሺ" ነው የተባልኩት፣ አይ ምክር፣ ለካ ይሄ ሳይነገረኝ ነው እዚህ የደረስኩት።

"ቁርጠኝነት ይጠይቃል" ያላችሁትስ? እኔ 18 ኪሎ ቀንሼ 21 ጨምሬአለሁ። ሰው ሲቀንስ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፣ ረሃቡ ይብሳል፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ስንፍና ብሎ ማለፍ ግን ይቀላል። ቃለ መጠይቅ ገብቼ የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አልበቃኝ ሲል የጠያቂው ፊት ላይ ያየሁትን መልስም በየትኛው ሰንጠረዥ እንደምታስገቡት እንጃ።

ሐኪም ጠየቃችሁ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ ጠየቃችሁ፣ የጂም አሰልጣኝ ሳይቀር ጠየቃችሁ፣ ወፍራም ሰው ግን አንድም የለም። አጥታችሁን ነው? እኛ እንኳ ለመደበቅ አንመችም። ለማንኛውም ቁጥሩን አርሙት።

አንዷ አንባቢያችሁ