ለፓርኩ ኃላፊ፦ የዊልቸሩ ቁልፍ እሁድ እሁድ የት ነው የሚውለው?

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። ኢሜይል ብልክ «መልዕክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ማሽን መለሰልኝ። ስደውል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉኝ ቆዩና፣ ሙዚቃ እየሰማሁ መስመሩ ተቋረጠ። የቅሬታ ቅጽ ሞልቼም ለበር ሠራተኛዎ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። «አደርሳለሁ» ብሎኝ ነበር። የት እንዳደረሰው እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት እናውራው።

ነገሩ አጭር ነው። እናቴ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ፓርክ፣ ፓርኪንግ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ፓሲፊክ ውቅያኖስን በመስታወት ስታይ ዋለች። ልጆቼ ውሃው ውስጥ እየጮሁ ሲጫወቱ ድምፃቸው ይሰማት ነበር። እሷ ግን አሸዋውን እንኳን አልረገጠችም።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። አስፋልት ላይ በምርኩዟ ቀስ እያለች ትሄዳለች። አሸዋ ላይ ግን አይሆንላትም። ይህን ስለማውቅ አስቀድሜ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «የአሸዋ ዊልቸር አለን፣ በነጻ ነው፣ መታወቂያ ብቻ ያዢ» አለችኝ። ደስ አለኝ። እማዬ ምጽዋን ያየችው በወጣትነቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ነክታ አታውቅም። ሎስ አንጀለስ ከመጣች ጀምሮ «እግሬን አንድ ቀን ጨው ውሃ ውስጥ ልንከረው» እያለች ነው። ለጉልበት ፍቱን ነው ያሏት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ናቸው። ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ሐኪምም አይደለሁም።

እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ድፎ ዳቦና ቡና በፔርሙስ ይዘን መጣን። በሩ ላይ በቅድሚያ 15 ዶላር ተቀበሉን። ካርዴ ሲሠራ ምንም ችግር አልነበረም። ዊልቸሩን ስጠይቅ ነው ችግሩ የመጣው።

«ማከማቻው ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ልጅ እሁድ አይገባም» አለኝ ሠራተኛዎ።

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

ትከሻውን ሰበቀ። ከኋላችን መኪና ተሰልፏል፣ ወደፊት እንድንሄድ በእጁ አሳየን።

አላምን ብዬ ሄጄ አየሁት። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ በሽቦ የታጠረች ክፍል አለች። ዊልቸሩ ውስጥ ቆሟል፣ ወፋፍራም ቢጫ ጎማዎቹ በአየር እንደተነፉ። መቀመጫው ላይ የተጠቀለለ የውሃ ጎማና የትራፊክ ኮን ተከምሮበታል። የእጀታው ፕላስቲክ እንኳን አልተላጠም፣ ፋብሪካው እንደሸፈነው ነው። ይህ ዕቃ ተገዝቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ተቆልፎበታል ማለት ነው። ፎቶ ተነስቶ የምለው ድረ ገጻችሁ ላይ ስላየሁት ነው። አንዲት አሮጊት ተቀምጠውበት እየሳቁ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ላይፍጋርዱን፣ ዋናተኞችን የሚጠብቀውን ልጅ፣ አልወቅሰውም። በሬዲዮ ደጋግሞ ጠራ፣ የሚመልስለት አጣ። አፍሮ «ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ተሸክመን እናድርሳቸው?» አለ። ተርጉሜ ለእማዬ ነገርኳት። «ገና አልሞትኩም፣ በሸክም አልሄድም» አለች። ልክ ናት።

ሕጉን ለእርስዎ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ያውቁታል። ደንቡ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ ነገር ሁልጊዜ ለአገልግሎት ዝግጁ ሆኖ እንዲቆይ ያዛል። ለጥገና ለጊዜው ቢቋረጥ ይፈቅዳል። የአንድ ሠራተኛ የእሁድ እረፍት ግን ጥገና አይደለም። ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን የሚከታተል ሰው መመደብና ስሙንና ስልኩን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዷ ሠራተኛችሁ «እኛ ጋ እንደዚህ የሚባል ሰው ያለ አይመስለኝም» አለችኝ።

የካሊፎርኒያን ሕግ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1972 ድምፅ ሰጥቶበት፣ በ1976 ሕግ ሆኖ፣ ባሕሩ ዳር በተቻለ መጠን ለሁሉም ሰው ክፍት ይሁን ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በማሊቡ፣ ባለጸጎች ቤታቸው አጠገብ ያለውን የሕዝብ መተላለፊያ ዘግተው በመገኘታቸው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጥተዋል። ጎሽ፣ ይገባቸዋል! ግን ባለጸጋ ሲቆልፍ ሚሊዮን የሚያስቀጣ ከሆነ፣ መንግሥት ሲቆልፍ «ልጁ እሁድ አይገባም» ተብሎ የሚታለፈው በምን ሒሳብ ነው?

በጀት የለም እንዳይሉኝ። ዕቃው ተገዝቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሰው ኃይል የለም እንዳይሉኝም። የገንዘብ መሳቢያው ቁልፍ አንድም እሁድ እረፍት ወጥቶ አያውቅም። የዊልቸሩን ቁልፍ ከእሱ ጎን በሚስማር ይስቀሉት። ስብሰባም ጥናትም አይፈልግም።

በስልክ ካገኘኋቸው አንዷ፣ መልካም ሰው ነች መሰለኝ፣ «15 ዶላሩ ይመለስልሽ?» ብላኛለች። አልፈልግም። የፓርኪንግ ዋጋ ነው፣ ፓርክ አድርገናል። እናቴ ቀኑን ሙሉ የዋለችውም እዚያው ነው።

ተመልሰን እንመጣለን። የምንመጣውም እሁድ ነው፣ በሌላው ቀን ሥራ ላይ ነን። እንደኛ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ባሕር የሚያየው እሁድ እንደሆነ ፓርኪንጋችሁን አይቶ ማወቅ ይቻላል። እስከዚያ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይላኩልኝ። አንደኛው ይህን ሕግ እንዲከታተል የተመደበው ሰው ስምና ስልክ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ እሁድ እሁድ ማን ጋ እንደሚውል ነው። ካልላኩልኝ ቅሬታዬን ለፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት አስገባለሁ። የተሰጠው ጊዜ 180 ቀን እንደሆነ ያውቃሉ፣ አሁንም ገና ብዙ ይቀረኛል።

አክባሪዎ ነኝ ልል ነበር፣ ለጊዜው ይቆየኝ።

ከሎስ አንጀለስ