ጠዋት አርሴናል፣ ማታ ዲሲ ዩናይትድ

ለተከበራችሁ የስፖርት አምድ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው አሜሪካዊ ለአገሩ ክለብ ፍቅር የለውም፣ ልቡ ያለው እንግሊዝና ስፔን ነው ይላሉ። ከፊል እውነት አለው። ግን የዘለሉት ነገር ብዙ ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲው ክለብ የዲሲ ዩናይትድ ደጋፊ እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውጭ ክለብ ፍቅር እዚህ አገር ትልቅ መሆኑን አልክድም። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ የእንግሊዙን ፕሪሚየር ሊግ ማስተላለፍ የጀመረው በ2013 ነው። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ መጠጥ ቤቶች በሊቨርፑልና በአርሴናል ማልያ ይሞላሉ። በ2014 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ ሚሺጋን ውስጥ፣ አን አርበር ላይ ሲገናኙ 109,318 ሰው ገባ። ያውም የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ነጥብ የለው፣ የሚወርድ የለ፣ የሚወጣ የለ።

የሜክሲኮ ሊግም አለ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለዓመታት ብዙ ተመልካች የነበረው እሱ ነው። ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ የሜክሲኮ ልጅ ቺቫስን ሲደግፍ የአባቱን ክለብ ነው የሚደግፈው። እሱን የውጭ ክለብ ተከታይ ማለት ይከብደኛል። የአሜሪካው ዋና የወንዶች ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሶከር፣ ይህን ፍቅር በአቋራጭ ሊያገኘው ሞክሮ ነበር። በ2005 ቺቫስ ዩኤስኤ የሚባል ቡድን ሎስ አንጀለስ ላይ አሰለፈ። ስሙም ማልያውም ከጓዳላጃራው ቺቫስ የተቀዳ ነው። አልያዘም። ከ2014 የውድድር ዘመን በኋላ ፈረሰ። በ2018 ኤልኤኤፍሲ (ሎስ አንጀለስ ፉትቦል ክለብ) የከተማዋን ስም ይዞ ሲመጣ ግን ያው ሎስ አንጀለስ ተቀበለው፤ ከጎሉ ጀርባ ያለው የደጋፊ መቀመጫ እስከ ዛሬ በዝማሬ ይናወጣል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ታሪኩን ነው። አሜሪካውያን የአገራቸውን ክለብ ወደው ያውቃሉ። በ1977 ኒውዮርክ ኮስሞስ በጃይንትስ ስታዲየም 77,691 ሰው ፊት ተጫውቷል። ፔሌ ነበረ፤ ቤከንባወርም ነበረ። ከዚያ ኮስሞስ ይጫወትበት የነበረው የሰሜን አሜሪካ ሊግ (ኤንኤኤስኤል) ከአቅሙ በላይ ሰፋ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ከ1984 በኋላ ተዘጋ። እስከ 1996 ድረስ ይህን ያህል ሕዝብ ያለው አገር አንደኛ ዲቪዚዮን ሊግ አልነበረውም። ያኔ ልጅ የነበረ ሰው ማንን ይደግፍ?

ሜጀር ሊግ ሶከር የተወለደው አሜሪካ የ1994ቱን የዓለም ዋንጫ ስታዘጋጅ በገባችው ቃል ነው። በ1996 በ10 ክለብ ጀመረ። ሲጀምር ግን ኳስ የሚያውቀውን ሰው ገፋው። የስታዲየሙ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። በአቻ መለያየት የሚባል አልነበረም። ጨዋታው እኩል ካለቀ አንድ ተጫዋች ከ35 ያርድ ኳስ እየገፋ ይመጣና ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ይፋጠጣል፤ ያለው አምስት ሰከንድ ነው። ይህን ያየ ስደተኛ ቴሌቪዥኑን ወደ አውሮፓ ቢያዞር ማን ይፈርድበታል? ያ ደንብ ከ1999 በኋላ ቀረ። በ2002 መጀመሪያ ደግሞ የታምፓና የማያሚ ክለቦች ተዘጉ። በ2005 መጨረሻ የሳን ሆዜ ቡድን ከነተጫዋቾቹ ተነቅሎ ሂውስተን ሄደ። ክለቡ ነገ ከከተማው ሊነሳ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ልቡን ሙሉ በሙሉ ለመስጠት ቢያመነታ አይገርመኝም።

እንዲህ ሆኖም የሰጡ አሉ። የኮሎምበስን ታሪክ የእናንተ አንባቢ ቢያውቀው እወዳለሁ።

በኦሃዮ ግዛት ያለው ኮሎምበስ ክሩ ከመጀመሪያዎቹ 10 ክለቦች አንዱ ነው። በ1999 ለእግር ኳስ ብቻ ተብሎ የተሠራውን የሊጉን የመጀመሪያ ስታዲየም የገነባውም እሱ ነው። በጥቅምት 2017 የክለቡ ባለቤት ቡድኑን ወደ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ሊወስደው እንደሚችል ተሰማ። ሊጉም ከባለቤቱ ጎን ቆመ። ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስል ነበር። ደጋፊዎቹ ግን "ክሩን አድኑ" ብለው ተነሱ። ጥቁርና ቢጫውን በየሱቁ፣ በየቤቱ በር ሰቀሉት። የከተማዋን ነጋዴዎች አንድ በአንድ አናገሩ። ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረ። ክሊቭላንድ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኗን ለባልቲሞር ካጣች በኋላ፣ በ1996 የወጣ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተረዳ ክለብ ከመሄዱ በፊት ለአካባቢው ገዢዎች ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግዛቱና ከተማዋ በዚህ ሕግ በ2018 ክስ መሠረቱ። በመጨረሻ ሁለት ቤተሰቦች ክለቡን ያዙት፤ ኦስቲንም ሌላ አዲስ ቡድን ተሰጠው። ክሩ በ2020 ዋንጫ በላ። በ2021 መሀል ከተማ አዲስ ስታዲየም ገባ። በ2023 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

እነዚያ ደጋፊዎች ባይኖሩ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ፍቅር ከዚህ በላይ በምን ይለካል?

የኮሎምበስ ነዋሪ ማንቸስተር ዩናይትድን ቢወድ መብቱ ነው። ግን ያ ክለብ ሲታመም ምን ሊያደርግለት ይችላል? በሚያዝያ 2021 ትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች የራሳቸውን ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ ነገሩን ያከሸፈው በቼልሲ ስታዲየም፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ በር ላይ የቆመው የለንደን ደጋፊ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። አሜሪካ፣ አዲስ አበባና ናይሮቢ ያለነው ሚሊዮኖች ዜናውን ከማየት ውጭ ምንም ማድረግ አልቻልንም። ክለብ የሚሰማው በሩ ላይ የቆመውን ሰው ነው።

አርሴናልን እንውሰድ፤ የእኛ ሰው የሚወደው ክለብ ስለሆነ። የአርሴናል ባለቤት የክሮንኬ ቤተሰብ ነው። ያው ቤተሰብ የኮሎራዶ ራፒድስም ባለቤት ነው። ራፒድስ የሚጫወተው ዴንቨር አጠገብ፣ ኮሜርስ ሲቲ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ደግሞ ስንት ሐበሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። አርሴናል አንድ አማካይ ሳይገዛ የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስንከራከር እናድራለን። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለው የዚሁ ባለቤት ክለብ በ2010 ሻምፒዮን ሆኖ እንደነበር ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

"ደረጃው ዝቅ ያለ ነው" የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ዝቅ ያለ ነው። በ2022 ሲያትል ሳውንደርስ የሜክሲኮውን ፑማስ አሸንፎ የኮንካካፍ (የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን) የክለቦች ሻምፒዮን ቢሆንም፣ ሜሲ በ2023 ማያሚ ቢገባም፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ደጋፊነት በደረጃ ከሆነማ አርሴናልን ከ2004 በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ያለ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የጠበቀው ማን ነበር? ሰው የሚወደውን ክለብ በመጥፎ ጊዜ አይጥለውም። ዲሲ ዩናይትድ በ2013 በሊጉ ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፤ 24 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ትልልቅና ትንንሽ ክለቦች የሚገናኙበትን የአሜሪካን ኦፕን ካፕ በላ! እነዚያን 24 ሽንፈቶች ያየ ሰው ያንን ዋንጫ እንዴት እንደሚያስታውሰው እኔ አውቃለሁ። በ2022 ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ወጣን። ከ2020 እስከ 2025 ባሉት ስድስት የውድድር ዘመናት አንዴም ለጥሎ ማለፉ አልበቃንም። ያም ሆኖ የስታዲየሙ ሰሜን ጫፍ ይዘምራል።

የዲሲ ዩናይትድ ታሪክ ለስደተኛ የሚናገረው ሌላ ነገር አለው። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1996ንና የ1997ን፣ ሲበላ አጥቂዎቹና አማካዩ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ነበሩ። ማርኮ ኤቼቬሪና ሃይሜ ሞሬኖ ቦሊቪያውያን ናቸው፤ ራውል ዲያዝ አርሴ ሳልቫዶራዊ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ የእነዚህ አገር ሰዎች ከበሮ ይዘው ክለቡ ያኔ ይጫወትበት የነበረው አርኤፍኬ ስታዲየም ገቡ። ሲዘሉ የብረት መቀመጫው ከሥራቸው ይወዛወዝ ነበር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ የክለቡ መታወቂያ ነው። እኛም በዚሁ አካባቢ ያለን ብዙ ሕዝብ ነን። በስታዲየሙ ውስጥ በዓይኔ የማየው ሐበሻ ግን ጥቂት ነው።

ሜዳ ሄደን ኳስ ማየት የማንወድ ሕዝብ ሆነን አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከየግዛቱ እየነዳን፣ እየበረርን እንሄዳለን። በሠፈር ሜዳ ላይ የሚደረገው ነገር ምን እንደሚያፈራ ደግሞ ናኦሚ ግርማን ማየት ይበቃል። ሳን ሆዜ ነው የተወለደችው፤ ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ኳስ የጀመረችው የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ለልጆቻቸው ባዘጋጁት ጨዋታ ነው። ከዚያ በአሜሪካው የሴቶች ሊግ ለሳንዲያጎ ዌቭ ተጫወተች። በጥር 2025 ቼልሲ ሲወስዳት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ቼልሲ ስትገባ ሁላችንም አወቅናት። ሳንዲያጎ እያለች ሄደው ያዩዋት ግን ዕድለኞች ናቸው።

ጥፋቱን ሁሉ ደጋፊ ላይ መጣል አልፈልግም። ሊጉ ራሱ ብዙ በር ይዘጋል። ከ2023 ጀምሮ ጨዋታዎቹን ከአፕል ጋር በ10 ዓመት ውል አሰረ፤ እስከ 2025 ድረስም ብዙዎቹን ለማየት የተለየ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ገና ልቡን ያልሰጠ ሰው ለዚያ ይከፍላል ተብሎ እንዴት ታሰበ? ከ1914 ጀምሮ ያለውን ኦፕን ካፕም በ2023 መጨረሻ በዋናው ቡድን አንጫወትም አለ፤ በ2024 ስምንት የሊጉ ክለቦች ብቻ ገቡ። ለትንንሽ ከተሞች ክለቦች ያ ዋንጫ ትልቁን ቡድን ሜዳቸው ላይ የሚያገኙበት ብቸኛው ቀን ነው። በጣም አናዶኛል፤ አሁንም ያናድደኛል። ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር አለመኖሩም የውድድሩን ጣዕም ይቀንሰዋል። ከሜጀር ሊግ ሶከር ሥር ያለው ሊግ፣ ዩኤስኤል፣ መውጣትና መውረድ እንዲኖር በ2025 መወሰኑ ጥሩ ጅምር ነው።

ያም ሆኖ በ2024 የሜጀር ሊግ ሶከርን መደበኛ ጨዋታዎች ስታዲየም ገብቶ ያየው ሰው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። ፍቅር የለም ለሚሉት ጸሐፊ ይህን ቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ።

አርሴናልን ተዉ የሚል ሰው አይደለሁም። መምረጥም አያስፈልግም። የእንግሊዝ ጨዋታ እዚህ በጠዋት ነው፤ ዲሲ ዩናይትድ ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው ቅዳሜ ማታ ነው። አንዱን ከልጆች ጋር ሶፋ ላይ፣ ሌላውን ከልጆች ጋር ስታዲየም ማየት ይቻላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዞ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ አረንጓዴው መቀየር፣ ናቪ ያርድ ወርዶ ትንሽ በእግር መሄድ ነው። የክለቡ ስታዲየም አውዲ ፊልድ 20,000 ሰው ነው የሚይዘው፤ ከየትኛውም ወንበር ተጫዋቹ በደንብ ይታያል። የሴቶቹ ዋሽንግተን ስፒሪት፣ የ2021 ሻምፒዮን፣ የሚጫወተውም እዚያው ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ከዚያ ጀምሩ። በሴቶች ኳስ ደግሞ ዓለም የሚፈልጋቸው ተጫዋቾች እዚሁ አገር ሊግ ውስጥ አሉ።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየሳምንቱ የፕሪሚየር ሊጉን የደረጃ ሰንጠረዥ ታወጣላችሁ። ከጎኑ የዲሲ ዩናይትድንና የስፒሪትን የሚቀጥለውን ጨዋታ ቀንና ሰዓት አክሉበት። የአትላንታ፣ የሲያትል፣ የሚኒሶታና የዴንቨር አንባቢዎቻችሁም የየከተማቸውን ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። የማኅበራት ኃላፊዎች ደግሞ ይህን ካነበባችሁ ለጋራ ትኬት ወደ ክለቡ ቢሮ ደውሉ፤ በብዛት ለሚገዛ ዋጋ ይቀንሳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ